ጎረቤቱን እዩለት፦ የኦክስጅን ሲሊንደር በትምህርት ቤት ግቢ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ይልና ቀስ እያለ ይጠፋል)

ወልድያ፣ መርሳ፣ ውርጌሳ፣ ሲሪንቃ፣ እንዲሁም በሐብሩ የገጠር ቀበሌዎች ሆናችሁ ሬዲዮናችሁን የከፈታችሁ ሁሉ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ብረት ነው። ቁመቱ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ያህላል። ባዶውን እንኳ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ያህል ይከብዳል። ዝም ብሎ ጥግ ይዞ ሲቆም ምንም የማያውቅ ይመስላል። የሕክምና ኦክስጅን ሲሊንደር ይባላል።

አንዳንዶቻችሁ “ይሄማ የሆስፒታል ዕቃ ነው፤ ትምህርት ቤት ምን ይሠራል?” እንደምትሉ እገምታለሁ። እውነታችሁን ነው፤ ዋና ቦታው ትምህርት ቤት አይደለም። እኔም ብጠየቅ ባይገባ እመርጣለሁ። ግን በእኛ አካባቢ ትምህርት ቤት ማስተማሪያ ብቻ ሆኖ የቆየበት ጊዜ ስንት ነው? በ2013 ዓ.ም ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደ ራያና ቆቦ ሲደርስ፣ ልጇን አዝላ የሸሸችው እናት ያረፈችው የት ነበር? ወልድያና መርሳ፣ ትምህርት ቤት ክፍሎች ውስጥ። ኋላም እዚሁ ሐብሩ ጃራ ላይ የተፈናቃዮች መጠለያ ተቋቁሞ ስንቱ ከርሞበታል። ከዚያ በፊትም መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ኮሮና አገራችን መግባቱ ከተነገረ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች ለይቶ ማቆያ ሆነዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ኮንሰርት የምናውቅበት ሚሊኒየም አዳራሽ የሕሙማን ማከሚያ ሆኗል። እንኳን ትምህርት ቤት፣ የዘፈን አዳራሽም ኦክስጅን ሊገባበት እንደሚችል ያኔ አይተናል።

ሰው ተሰብስቦ ባረፈበት ደግሞ የሚታመም አይጠፋም። ሳንባ ምች የያዘው ሕፃን አለ፤ አስም የሚነሣባት እናት አለች። የጤና ባለሙያዎች መጥተው አንዱን ክፍል ጊዜያዊ ክሊኒክ ያደርጉታል፤ ሲሊንደሩም ተከትሏቸው ይገባል። ነርስና አዋላጅ የሚያሠለጥኑ ኮሌጆችም ለመለማመጃ ያስገቡታል። ሐኪም ኦክስጅን ያዘዘለት ተማሪ ትንሿን ሲሊንደር ይዞ ክፍል የሚገባበትም ጊዜ ይኖራል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ሰዎቹ ሲሄዱ ዕቃ ቤት ተረስቶ የሚቀረው ነው። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ኦክስጅን ራሱ አይነድም። ይህን ስል “ታዲያ ምን ያስፈራል?” የሚል ይኖራል። የቀጥቃጭ ወናፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወናፉ ሲነፋ ፍሙ ቀልቶ፣ ብረቱ እንደ ሊጥ እስኪለዝብ ድረስ ይግላል። ወናፉ ግን የሚነድ ነገር የለውም፤ አየር ነው የሚያደርሰው። ያ አየር ደግሞ ከአምስት እጁ አንዱ ብቻ ነው ኦክስጅን፤ በትክክል ሲነገር ከመቶ 21። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ከሞላ ጎደል ንጹሕ ኦክስጅን ነው። እንግዲህ አንድ አምስተኛው ብረት ካለሰለሰ ሙሉው ምን ያደርግ? እሳት ከነካው በትንሹ ሊጨስ የሚችለው ጨርቅ ቦግ ብሎ ይነዳል። ዝም ብሎ ተዳፍኖ የቆየው ፍም ነበልባል ይሆናል።

ስለዚህ ሲሊንደሩን ስናይ አብዝተን መጠየቅ ያለብን “ውስጡ ምን አለ?” ብለን ሳይሆን “አጠገቡ ማን አለ?” ብለን ነው። ጎረቤቱን እዩለት የምላችሁ ለዚህ ነው።

ይህን የዘነጉት ያልተማሩ ሰዎች ብቻ እንዳይመስሏችሁ። በጥር ወር 1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሦስት የጠፈር ተጓዦች አፖሎ 1 በምትባለው መንኮራኩር ገብተው ምድር ላይ እየተለማመዱ ነበር። የተዘጋችው ክፍል በንጹሕ ኦክስጅን ተሞልታ ነበር። አንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ተነሣች። በሌላ ጊዜ እምብዛም የማይነዱት ጨርቃ ጨርቅና ፕላስቲክ በሴኮንዶች ውስጥ ነደዱ፤ ሦስቱም ሳይወጡ ቀሩ። በሚያዝያ ወር 2013 ዓ.ም ደግሞ ባግዳድ፣ ኢብን አል ኸጢብ ሆስፒታል፣ የኮሮና ሕሙማን በተኙበት ክፍል ከኦክስጅን ሲሊንደር ጋር የተያያዘ እሳት ተነሥቶ ከ80 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ኦክስጅኑ ሊተነፍሱበት የመጣላቸው ነገር ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ትምህርት ቤት ውስጥ የኦክስጅን ክፉ ጎረቤት ማን ነው?

ሻማ አለ። መብራት ጠፋ ሲባል ወዲያው እጃችን የሚሄደው ወደ ክብሪትና ሻማ ነው፤ ኩራዝ ያለውም ኩራዝ ያበራል። ኦክስጅን ባለበት ክፍል ግን የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ካልሆነ በጨለማው መቆየት ይሻላል። የምገባ ማብሰያው የማገዶ እሳት አለ። የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራው የአልኮል መብራት አለ። መስከረም ሲጠባ ችቦው፣ ደመራው አለ፤ ግቢ ውስጥ ደመራ የሚለኮስ ከሆነ ሲሊንደሩ ከግቢው መውጣት አለበት።

እና ደግሞ ቡናችን አለ። ወሎ ላይ ሆኖ ስለ ቡና ክፉ ማውራት ከባድ ነው፤ እኔም አልደፍርም። ነገር ግን አስቡት። መጠለያ በሆነ ትምህርት ቤት አንዲት እናት ልጇ ኦክስጅን ተደርጎለት ተኝቷል። ጎረቤት ሊጠይቃት ይመጣል። ባዶ እጅ አይመጣማ፤ ከሰሉ በማንደጃ፣ ጀበናው፣ ዕጣኑ ይመጣል። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው፣ ዱዓው ሁሉ ከታማሚው ራስጌ ሊሆን ነው። ደግነት ነው፤ ደግነቱ ግን ፍም ይዞ መጥቷል። ቡናው ይፈላ፤ በሌላ ክፍል ወይም ዛፍ ሥር ይሁን። ኦክስጅን እየተሰጠ ካለበት ቦታ ማንኛውም የሚታይ እሳት ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት። ይህ የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው። እኔ ግን ከክፍሉ ጨርሶ ይውጣ እላለሁ፤ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ግቢ ሦስት ሜትር ምን አላት?

ብዙ ሰው ስለማያውቃት ነገር ደግሞ ልንገራችሁ። ኦክስጅን ጨርቅ ውስጥ ይገባል፤ ጋቢ፣ ብርድ ልብስ፣ ነጠላ፣ ፀጉር ሁሉ ይዞት ይቆያል። ሲሊንደሩ ሳይዘጋ የመተንፈሻ ማስኩ ፍራሽ ላይ ተጥሎ ከቆየ ፍራሹ ኦክስጅን ጠጥቷል ማለት ነው። ልጇን ታቅፋ ያደረችው እናት ጋቢዋን እንደደረበች ወጥታ ምድጃ ላይ እፍ ብትል ጋቢው ከወትሮው በተለየ ፍጥነት ሊያያዝ ይችላል። ስለዚህ ማስኩ ከፊት ሲነሣ መጀመሪያ የሚዘጋው ሲሊንደሩ ነው። ከኦክስጅን አጠገብ የወጣ ሰው ደግሞ ልብሱን አራግፎ፣ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ንጹሕ አየር ላይ ቆይቶ ወደ እሳት ይጠጋ።

ሌላው ክፉ ጎረቤት እሳት አይመስልም። ቅባት ነው። ከፍተኛ ግፊት ያለው ኦክስጅን ዘይትና ቅባት ሲያገኝ ክብሪት ሳይለኮስ ሊነድ ይችላል። የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ሬጉሌተር አልፈታ አለ ብሎ የሞተር ዘይት ጠብ የሚያደርግ ሰው፣ ሳያውቅ ፊቱ ላይ የሚፈነዳ ነገር እያዘጋጀ ነው። እጃችን ላይ ያለ የምግብ ዘይት፣ የእጅ ቅባት፣ ቫዝሊን፣ ፀጉር ላይ የተቀባ ለጋ ቅቤ ሁሉ ይቆጠራል። የሲሊንደሩን መክፈቻና መዝጊያ፣ ቫልቩን፣ ከመንካት በፊት እጅ በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል። የአልኮል ማጽጃ ከተጠቀማችሁም እጃችሁ ፍጹም እስኪደርቅ ጠብቁ። የታማሚው ከንፈር ደረቀ ተብሎ ቫዝሊን አይቀባም፤ ውኃነት ያለው ማለስለሻ ካለ ነርሷ ታዛለች።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ አሁን አንድ ጭውውት እናድምጥ። ቦታው የአንድ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት በር ላይ ነው።

ዘበኛው፦ ልጄ፣ ይሄን ብረት ወዲያ ላንከባለው? ባዶ ነው ብለውኛል።

ነርሷ፦ ኧረ አባባ፣ እንዳያንከባልሉት! ባዶ ነው ያለዎት ማነው?

ዘበኛው፦ ንብረት ክፍሉ ነዋ። ቁራሌውም ሲያልፍ አይቶት ደህና ዋጋ እሰጣለሁ ብሏል።

ነርሷ፦ የግፊት መለኪያው፣ ጌጁ፣ ተገጥሞ ታይቷል?

ዘበኛው፦ ጌጅ ምን ያደርጋል! ነቅነቅ ሳደርገው ውስጡ ምንም የለም።

ነርሷ፦ አባባ፣ ኦክስጅን እንደ ላምባ አይንቦጫቦጭም እኮ። ሞልቶም ቢሆን ባዶ ነው የሚመስልዎት።

ዘበኛው፦ ውይ! እኔማ ትናንት ልጆቹ ሲቀመጡበት ዝም ብያለሁ።

እኚህ አባባ ብቻቸውን አይደሉም። “ባዶ ነው” የሚለው ቃል ከኦክስጅን ጋር በተያያዘ ከሰማሁት ሁሉ አደገኛው ነው። የሞላ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ወደ 150 ባር ይጠጋል። የቤት መኪና ጎማ ሁለት ባር ተኩል ገደማ ነው። ስልሳ እጥፍ ማለት ነው! ይህን የታመቀ ጉልበት ይዞ የሚቆየው አንገቱ ላይ ያለው ቫልቭ ነው። ሲሊንደሩ ወድቆ ቫልቩ ቢሰበር፣ ከሲሚንቶ ከረጢት የሚከብደው ብረት እንደ ሮኬት ይወረወራል፤ የብሎኬት ግድግዳ አይመልሰውም። ግማሹ ወይም ሩቡ ቢቀረውም ያው ነው። ቁራሌው በመጋዝ ቢቆርጠው ወይም በብየዳ እሳት ቢበሳው ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልገኝም። ሲሊንደር ደግሞ ንብረትነቱ አብዛኛውን ጊዜ የሆስፒታሉ ወይም የሞላው ድርጅት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሊሸጠው፣ ደወል ሊያደርገው አይችልም። ለደወል የመኪና ቸርኬ ይበቃናል።

እሺ፣ ግቢው ውስጥ አለ እንበል። የት እናስቀምጠው? ቆሞ፣ ወገቡ ላይ በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ጠፍር ግድግዳ ላይ ታስሮ። አየር በሚዘዋወርበት ደረቅ ክፍል። መተላለፊያ ኮሪደር ላይ፣ ደረጃ ሥር፣ መውጫ በር አጠገብ አይሆንም፤ ያ ቦታ እሳት ሲነሣ ሕፃናቱ የሚሮጡበት ነው። የድሮ ወረቀት፣ የተሰበረ ዴስክ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ የጄኔሬተር ናፍጣ ከተከማቸበት ዕቃ ቤትም አይገባም። እዚህ ላይ ብዙ ትምህርት ቤት ይወድቃል፤ ዕቃ ቤት ማለት እኛ ዘንድ ሁሉም የተጣለበት ማለት ነውና። ቡታ ጋዝም ሆነ የብየዳ አሴቲሊን ካለ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቁ፤ ወይም እሳት የማያሳልፍ ግንብ በመካከላቸው ይኑር። የብየዳ ማሠልጠኛ ያላችሁ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይህችን በደንብ ስሟት። ለብየዳ የመጣ ኦክስጅንም ለሕመምተኛ አይሰጥም፤ የሕክምናውም ለብየዳ አይሄድም። በቀለሙ አትተማመኑ፤ ቀለም ከአምራች አምራች ይለያያል። የተለጠፈበትን ጽሑፍ አንብቡ፤ ጽሑፍ የሌለው ሲሊንደር ለማንም አይሰጥ።

ፀሐይስ? መርሳ ሞቃት ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል በእኩለ ቀን እንደ ምጣድ ይሞቃል። ሲሊንደሩ ከ20 ዲግሪ ወደ 50 ዲግሪ ቢሞቅ 150 ባር የነበረው ግፊት ወደ 165 ባር ይወጣል። ይህ ብቻውን ጤነኛ ሲሊንደር አያፈነዳም፤ ሲፈተሽ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል እንዲችል ተሞክሯል። የሚያስፈራው የዛገው፣ የተጨረመተው፣ የፍተሻ ጊዜው ያለፈው ነው። ትከሻው ላይ የተቀረጸ ቀን አለ፤ ፍተሻው እንደ አገሩ ደንብ በየ5 ወይም በየ10 ዓመቱ ይታደሳል። ከ50 ዲግሪ በላይ ግን አይሙቅ፤ ጥላ ይፈለግለት።

ስናጓጉዘው ኮፍያው በቫልቩ ላይ ይጥበቅ። በቫልቩ ይዞ ማንሣት የለም፤ መሬት ለመሬት መጎተትና ማንከባለልም የለም። ባለጎማ መግፊያ ጋሪ ከሌለ ሁለት ጎልማሶች ይያዙት፤ ተማሪዎች አይደሉም። “ልጆች፣ ኑ አግዙ” ማለት የለመድነው ነው፤ ለዚህ ግን አይሠራም። ከመርሳ ወልድያ የሚሄድ ከሆነ በፒክአፕ ክፍት መጫኛ ላይ በደንብ ታስሮ ይጫን። ባጃጅ ውስጥ በሰው ጉልበት ላይ ተጋድሞ፣ ሹፌሩ ሲጋራ ይዞ፣ ያ ጉዞ አይጀመር።

አከፋፈቱን ባለሙያ ያድርገው፤ ግን እንድታውቁት ልንገራችሁ። ሬጉሌተሩ ከመገጠሙ በፊት ቫልቩ ለቅጽበት ትንሽ ይከፈትና አቧራው ይውጣ፤ አፉ ወደ ማንም አይዙር። ሬጉሌተሩ ከተገጠመ በኋላ ቫልቩ በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ይከፈታል። በድንገት ከተከፈተ ጋዙ ሲታመቅ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፤ ያ ሙቀት አቧራ ወይም ቅባት ካገኘ ሬጉሌተሩ ውስጥ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የሚከፍተው ሰው ከጌጁ ፊት ለፊት አይቁም፤ ወደ ጎን ይሁን።

ስንት ሰዓት ይቆያል ለሚለው፣ እርሳስ ያላችሁ ጻፉ። ጌጁ የሚያሳየውን ባር ሲሊንደሩ በውኃ ሊይዝ በሚችለው ሊትር አባዙት። ከዚያ ታማሚው በደቂቃ በሚወስደው ሊትር አካፍሉት፤ መልሱ በደቂቃ ይመጣል። ምሳሌ፦ 40 ሊትር የሚይዘው ትልቁ ሲሊንደር ጌጁ 60 ባር ያሳያል። 60 ጊዜ 40፣ 2400 ሊትር ኦክስጅን ነው። ታማሚዋ በደቂቃ 5 ሊትር የምትወስድ ከሆነ 480 ደቂቃ፣ ማለትም 8 ሰዓት ይበቃታል። ሌሊቱን ለማሳደር ይበቃ እንደሆነ፣ አምቡላንስ ከመቼ በፊት መጠራት እንዳለበት ይህች ስሌት ትነግራችኋለች። ጨርሶ እስኪሟጠጥ ግን አትጠብቁ፤ ትንሽ ሲቀረው ቫልቩ ይዘጋ፣ እርጥበት እንዳይገባበት። ከዚያ “ባዶ” የሚል ጽሑፍ አንጠልጥላችሁ ከሞላው ለይታችሁ፣ እንደ ሞላው ሁሉ አስራችሁ አቁሙት።

ለኬሚስትሪ መምህሮቻችን አንዲት ቃል አለችኝ። የሚጨስ ስንጥር ኦክስጅን ውስጥ ሲገባ ቦግ እንደሚል ማሳየት ደስ ይላል፤ ተማሪው አይረሳውም። ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1774 እ.ኤ.አ. ኦክስጅንን ለይቶ ሲያገኝ የሻማው ነበልባል በደመቀ ሁኔታ መንደዱ አስደንቆት ነበር። እናንተ ግን ለዚህ ሙከራ ከክሊኒኩ ሲሊንደር አትቅዱ። ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድና ትንሽ ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ በአንድ የሙከራ ቱቦ ይበቃችኋል። ያችን ቱቦ የሚሞላ ኦክስጅን ሰው አይጎዳም፤ የሲሊንደሩ ግን ክፍሉን ሙሉ ሊለውጠው ይችላል።

እሳት ከተነሣስ? ቫልቩን መዝጋት የሚቻለው ያለ አደጋ ከሆነ ይዘጋ፤ ካልሆነ ይተው። ሰው ይውጣ፣ መጀመሪያ ሕፃናት። ሲሊንደሩን ለማዳን ማንም አይመለስ። ከወጣችሁ በኋላ ውስጥ ኦክስጅን እንዳለ ለሚመጣው የእሳት አደጋ ሠራተኛና ፖሊስ ንገሩ፤ እሱ ሳያውቅ ከገባ ሌላ ሰው እናጣለን።

ዳይሬክተሮች፣ ርእሳነ መምህራን፣ የወላጅ መምህር ኅብረት አባላት፣ ነገ ጠዋት ከሰልፍ በፊት የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከያዘው ሰው ጋር ገብታችሁ እዩ። ከመጠለያው ዘመን የቀረ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ሲሊንደር ካገኛችሁ ቫልቩን አትነካኩ፣ አታንከባልሉ፣ ለቁራሌው አትስጡ። በሩን ቆልፋችሁ፣ ልጆች እንዳይጠጉ ዘበኛውን አስጠንቅቃችሁ፣ በቅርባችሁ ላለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አስታውቁ፤ ባለሙያ መጥቶ ይውሰደው።



(የመዝጊያ ሙዚቃ)